አረንጓዴ ሁሉ ግጦሽ አይደለም

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ከሳተላይት የሚገኘውን የአገሪቱን የልምላሜ ካርታ ነው። ቡናማ የሆነው ቦታ ልምላሜው ከብዙ ዓመታት አማካይ በታች ነው፣ አረንጓዴው ደግሞ ከአማካይ በላይ። የእኔ ሥራ ይህን ቀለም ወደ ቃል መመለስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ አዋሽ ወንዝ ዳር ስላለ አንድ ቀበሌ «የግጦሽ ሁኔታ ከአማካይ የተሻለ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አሥር ቀን ሳይሞላ ለመስክ ሥራ ወርጄ እዚያው ቀበሌ ደረስኩ።

ካርታው አልዋሸም ነበር፤ አካባቢው አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው ግን ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነበር፤ አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ የሚሉት። ከላቲን አሜሪካ የመጣ ዛፍ ነው። በደርግ ዘመን አፈር እንዲጠብቅና ጥላ እንዲሆን ብለው ተከሉት፤ ከዚያ በኋላ ግን ሜዳውን እየዋጠ ሄደ። ከሥሩ ጎንበስ ብዬ ብመለከት አንዲት ሰበዝ ሣር አላገኘሁም፤ መሬቱ የተጠረገ ይመስላል። እሾሁ የጫማዬን ሶል በስቶ ገባ። ከብት ወደ ወንዙ የሚወርድበት መንገድ በቁጥቋጦው ተዘግቶ፣ እረኞች በገጀራ የጠረጉት አንድ ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ቀርቷል።

አንድ አዛውንት አርብቶ አደር ከጎናቸው የቆመችውን ላም ይዘው ከንፈሯን ገለጥ አደረጉልኝ። ድዷ ቆስሏል፣ ጥርሷ ተበላሽቷል። ሣር ሲጠፋ ከብቶቹ የዛፉን ፍሬ ይበላሉ። ፍሬው ጣፋጭ ነው፤ ሲበዛ ግን ጥርስ ያበላሻል፣ ሆድ ያውካል። ዘሩም ከእበቱ ጋር ወጥቶ በሄዱበት ሁሉ ይበቅላል። ሥራዬን ሲጠይቁኝ በአስተርጓሚ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ከላይ ሆኖ ያየው ይህን ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ታዲያ ሰው ልኮ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?»

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ በራሴ ፊርማ ለሰው እሰጠዋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ሳተላይት ሣር አያይም፤ የሚያየው ብርሃን ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይመጠዋል፣ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨረር ደግሞ አብዝቶ ይመልሳል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ኤንዲቪአይ የምንለው የልምላሜ ቁጥር ይወጣል፤ ጥቅጥቅ ላለ ደን ወደ አንድ፣ ለራቁት መሬት ወደ ዜሮ ይጠጋል። የናሳው ተመራማሪ ኮምፕተን ታከር እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ጥናት የቀይና የኢንፍራሬድ ብርሃን ቅንጅት ዕፅዋትን ለመከታተል ምን ያህል እንደሚያገለግል ያሳየ ነው። ከእኛ የ1977ቱ ረሃብ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የአሜሪካ መንግሥት ፊውስ ኔት የተባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሲያቋቁም ከመሣሪያዎቹ አንዱ ይኸው ቁጥር ሆነ። ሰው ሳይሞት፣ ከብት ሳያልቅ ለመድረስ የተፈጠረ ሙያ ነው፤ የምወደውም ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ግን የቅጠሉን ብዛት እንጂ የቅጠሉን ዓይነት አይናገርም። ብዙ የሠራሁበት ሞዲስ የተባለው መሣሪያ አንዱ ፒክሰሉ 250 ሜትር በ250 ሜትር ነው፤ ከስድስት ሔክታር በላይ መሬት በአንድ ቁጥር ተጠቅልሎ ይመጣል። የፕሮሶፒስ ሥር ጠልቆ የከርሰ ምድር ውኃ ስለሚያገኝ፣ ሣሩ ሲደርቅም ዛፉ ለምለም ነው። ድሮ ሣር የነበረበት ሜዳ ዛሬ በዛፍ ሲሸፈን የበጋው ልምላሜ ካለፉት ዓመታት ይበልጣል፤ ካርታውም «ከአማካይ በላይ» ይላል። ግጦሹ በጠፋ ቁጥር ቁጥሩ እያማረ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህ የሳይንቲስቶች ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኬንያ ማርሳቢት፣ በ2012 ደግሞ በእኛው ቦረና የተጀመረው የከብት መድን ካሳ የሚከፍለው ከሳተላይት በተገኘው የልምላሜ ቁጥር መሠረት ነው። ቦረናም ቁጥቋጦ የግጦሽ መሬቱን እየወረረው ነው። ቁጥሩ ውስጥ ቁጥቋጦና ሣር ከተቀላቀለ፣ ከብቱ የሞተበት ሰው ካሳ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ከዚያ ጉዞ በኋላ አሠራሬን ለወጥኩ። የአንድ ቀን ምስል አይቼ አልፈርድም፤ የዓመቱን ኩርባ አያለሁ። ሣር ከርማ በሚባለው የአፋር ዋና ዝናብ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ሽቅብ ይወጣና በበጋ ቁልቁል ይወርዳል። ፕሮሶፒስ ግን ዓመቱን ሙሉ ከፍ እንዳለ ይቆያል። ዛሬ የሴንቲኔል ሁለት ሳተላይቶች ፒክሰሉ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ምስል በየአምስት ቀኑ በነፃ ስለሚሰጡን፣ ሁለቱን ኩርባዎች መለየት ከድሮው ቀሏል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ሌላ ሳተላይት ሳይሆን ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ከብቱ ደኅና ነው ወይ፣ ሰላም አለ ወይ። የዳጉ ሕግ ጥብቅ ነው፤ ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሰው የሰማውን ለይቶ መናገር አለበት። ያልተጣራ ወሬ መንጋውን ወደ ደረቅ ምድር ይነዳልና።

አሁን ሪፖርት ከመፈረሜ በፊት እዚያ ላሉ ሰዎች እደውላለሁ። «አረንጓዴ ነው ወይ?» ብዬ አልጠይቅም፤ እሱን አውቀዋለሁ። «ፍየሎቹ ምን እየበሉ ነው? ላሞቹ ስንት ይታለባሉ? ሰው ወዴት እየተጓዘ ነው?» እላለሁ። ሪፖርቴም በዳጉ ሕግ በሁለት ዓምድ ተከፍሏል፦ «የታየ» እና «የተሰማ»። ከመሬት ላይ የተረጋገጠውን «የታየ» በሚለው ሥር አሰፍራለሁ። ሳተላይቱ የነገረኝን፣ ማንም ሄዶ እስኪያየው ድረስ፣ «የተሰማ» በሚለው ሥር እጽፈዋለሁ።