በዓይንም በጣትም የሚነበብ መጽሐፍ

ሕፃን በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ እርሷ ተረቱን እያነበበችለት እርሱም ሥዕሉን እያመለከተ «ይህ ምንድን ነው?» እያለ የሚያሳልፈው ጊዜ፣ ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ የሚጀመር የንባብ ትምህርት ነው። ልጁ ብርሃነ ዓይኑን ያጣ እንደ ሆነ ግን በጭኑ ላይ የሚዘረጋው መጽሐፍ የማን መጽሐፍ ይሁን የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ በቀለም የታተመው ለልጁ ልሙጥ ወረቀት ነውና፣ በብሬይል የተጻፈውም ብሬይልን ላልተማረችው እናት ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ገጽ ነውና። ቀለምና ነጥብ በአንድ ገጽ ላይ ተስማምተው የሚገኙበት የተረት መጽሐፍ የተዘጋጀው ይህን መለያየት ለማስቀረት ሲሆን፣ አሠራሩ ግን ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው ከሚመስለው ይልቅ ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ጥበበ እድ ነው።

የነገሩን ሥር ለማግኘት ወደ ፓሪስ መመለስ ያስፈልጋል። ቫላንታን አዊ የተባለው ሊቅ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዚያች ከተማ ለዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ባቋቋመ ጊዜ ያሳተመላቸው መጻሕፍት፣ የላቲን ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ ከጀርባው ተጭኖ ከፊት በኩል ጐላ ብሎ የሚወጣባቸው ነበሩ፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የዓይነ ስውራን መጻሕፍት መምህሩ በዓይኑ፣ ተማሪውም በጣቱ የሚያነባቸው የጋራ መጻሕፍት ነበሩ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ፊደሉ ለዓይን የተቀረጸ እንደ መሆኑ መጠን፣ ጣት የእያንዳንዱን ፊደል ጠርዝ እየዞረ ለመለየት እጅግ ይዘገይ ነበር፤ ተማሪውም በዚያ ፊደል ያነብ እንደ ሆነ እንጂ በገዛ እጁ ሊጽፍበት አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1809 ኩቭሬ በተባለች መንደር የተወለደውና በሕፃንነቱ በኮርቻ ሠሪው አባቱ ቤት ዓይኑን በስለት ተወግቶ የታወረው ሉዊ ብሬይል፣ በዚሁ ትምህርት ቤት ሳለ፣ ሻርል ባርቢዬ የተባለ የጦር መኰንን ያወጣውን የ12 ነጥብ ጽሕፈት ወደ 6 አሳጥሮ በ1829 አሳተመው። ስድስቱ ነጥቦች በሁለት ዐምድ ሦስት ሦስት ሆነው የሚቆሙ፣ አንድ የጣት ጫፍም በአንድ ንክኪ የሚሸፍናቸው ሲሆኑ፣ እየተለዋወጡ 63 ልዩ ልዩ ምልክት ያወጣሉ።

ዓይናማዎቹ መምህራን ይህን ጽሕፈት ወዲያው በደስታ አልተቀበሉትም፤ ከነቀፋቸውም አንዱ፣ ዓይነ ስውሩን ከሌላው ሰው ፊደል ይለየዋል የሚል ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት በይፋ የተቀበለው ደራሲው ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1854 ነው። በእኔ አስተያየት ነቀፋው ጨርሶ ከንቱ አልነበረም፤ ጣት ሲያሸንፍ በእርግጥ አንድ ነገር ጠፍቶአል፣ እርሱም አብሮ ማንበብ ነው። ነቃፊዎቹ የተሳሳቱት አንድነቱን በጣት ኪሳራ ለመግዛት በመፈለጋቸው ነው፤ ይህም ስሕተት፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ መልኩን ለውጦ በዘመናችንም ይመላለሳል።

የጠፋው የተመለሰው ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። በ1927 ቦስተን ውስጥ የተቋቋመው ናሽናል ብሬይል ፕሬስ በ1983 የልጆች የመጽሐፍ ማኅበር አቋቁሞ በዚህ ዘዴ ሲሠራ ቆይቶአል፤ በእንግሊዝ አገርም ክሊርቪዥን የተባለው ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት በፖስታ እየላከ ያውሳል። አሠራሩ እንደዚህ ነው፤ በማንኛውም መደብር የሚሸጠው የሥዕል መጽሐፍ ጥራዙ ይፈታል፣ የየገጹ ቃል በብሬይል በፕላስቲኩ ላይ ይጻፋል፣ ፕላስቲኩም በገጾቹ መካከል ገብቶ መጽሐፉ እንደ ገና ይጠረዛል። ፕላስቲኩ ሥዕሉንም ቀለሙንም ስለማይሸፍን፣ እናት ከበታች ያለውን ፊደል ስታነብ ልጇ ከበላይ ያለውን ነጥብ ይዳስሳል። ጥራዙ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ዝርግ ብሎ ካልተኛ አይረባም፤ ጣት ገጹ በሚታጠፍበት ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ማንበብ አይችልምና።

የነጥቡ ከፍታ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል፣ በአንዱና በሁለተኛው ነጥብ መካከል ያለው ርቀትም ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በቀለም ጽሕፈት አንድ ፊደል ቢደበዝዝ አንባቢው ከቃሉ ገምቶ ያልፋል፤ በብሬይል ግን የእንግሊዝኛው «ቢ» ከላይና ከታች የቆሙ ሁለት ነጥቦች ስለ ሆነ፣ የታችኛዋ ነጥብ የተደፈጠጠች እንደ ሆነ ያለ አንዳች ምልክት «ኤ» ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት ብሬይል አሣምሮ የሚያውቅ ሰው በጣቱ ያርመዋል፤ መደርደሪያ ላይም እንዳይጨፈለቅ ተጠቅጥቆ ሳይሆን ሰፋ ብሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

በቤት የሚሠራ ወላጅም አለ። በ1951 በቦስተን አጠገብ ካለው ከፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የወጣው፣ ዴቪድ ኤብርሃም የሠራው የብሬይል መኪና ለስድስቱ ነጥብ ስድስት ቍልፍ አለው፤ የአንዱ ፊደል ነጥቦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመታሉ። መኪናው የሌለው ስሌት በሚባል ሰሌዳና ስታይለስ በሚባል መውጊያ ይጽፋል፤ ይኸውም፣ የብራና ጸሐፊ መስመሩን በወስፌ እንደሚወጋ፣ ነጥቡን አንድ በአንድ በሹል ብረት ከወረቀቱ ጀርባ እየወጉ መጻፍ ነው፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲነበብም ጸሐፊው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ከበስተጀርባው የሚጣበቅ ግልጽ ፕላስቲክ ተጽፎበት ተቈርጦ ከቀለሙ መስመር በታች ሲለጠፍ መጽሐፉ አለቀ።

በዚህ መጽሐፍ ተጠቃሚው ዓይነ ስውር ልጅ ብቻ የሚመስለው ሰው ግማሹን ስቶአል። ዓይነ ስውር እናት ለምታይ ልጇ ተረት ልታነብላት ስትፈልግ የሚያስፈልጋት ይኸው መጽሐፍ ነው፤ ልጂቱ ሥዕሉን እያየች እናትዮዋ በጣቷ ታነባለች፣ ልጂቱም ፊደል በቈጠረች ጊዜ እናቷ መስመር ብትዘልል ለማረም ትደፍራለች። ወንድምና እኅት፣ የአንድ ክፍል ጓደኛሞችም እንደዚሁ ናቸው።

ቃሉ እንዲህ ተስማማ፤ ሥዕሉ ግን ገና ነው። ብዙ ሠሪዎች የዝሆኑን ሥዕል ዙሪያውን በጐላ መስመር ያወጡና «ይኸው ዝሆን» ብለው ለልጁ ያቀርቡለታል። እኔ ይህን የአዊን ፊደል ሁለተኛ መምጣት እለዋለሁ። ዓይን ሁሉን በአንድ ጊዜ ሲመለከት ጣት ጥቂት በጥቂት እየለቀመ በአእምሮው ያጋጥማል፤ በተጨማሪም በሥዕል ላይ የሩቁ ማነስና የኋለኛው እግር በፊተኛው መሸፈን የማየት ሕግ እንጂ የመዳሰስ ሕግ አይደለም፤ አራት እግር ያለውን ጠረጴዛ በእጁ የሚያውቅ ልጅ ሁለት እግሩ የተሰወረውን ሥዕል ጠረጴዛ ነው ብሎ የሚያምንበት ምክንያት የለውም። ዲዦን በተባለው በፈረንሳይ ከተማ አጠገብ በ1994 ሥራ የጀመረው «የሚያልሙ ጣቶች» የተባለው ማተሚያ ቤት ይህን ተረድቶ፣ ገጾቹን በጨርቅ፣ በቈዳና በሌላም የሚዳሰስ ነገር በእጅ እያጋጠመ ይሠራል። ከሥራዎቹም አንዱ ከስዊሳዊቷ ሠዓሊ ከዋርያ ላቫተር የተወሰደ ነው፤ እርሷ በ1965 የትንሿን ባለቀይ ቆብ ልጅና የተኵላውን ተረት ሰውና አውሬ ሳትሥል በቀለም ክብ ተርካው ነበርና፣ ማተሚያ ቤቱ ለየክቡ የተለየ ንክኪ ሰጠው። ዓይናማውም ዓይነ ስውሩም እኩል የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው፤ ክቡ ለማንኛቸውም ተኵላ አይመስልምና፣ ሁለቱም ተኵላነቱን ከታሪኩ ይማራሉ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የሰበታው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ሌሎችም የሚጠቀሙበት የአማርኛ ብሬይል ፊደላችንን ተነባቢና አናባቢ አድርጎ እየለያየ ይጽፋል፤ ስለዚህ በዓይን ሁለት ፊደል የሆነችው «ጦጣ» በጣት አራት ምልክት ትሆናለች። የብሬይል ምልክት ቀድሞውንም ከቀለም ፊደል ይልቅ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ሲሆን ይህ ሲጨመርበት፣ አራት መስመር ቃል ያለበት የአማርኛ ገጽ ነጥቡ በአንድ ፕላስቲክ አልበቃ ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ሊተርፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ እናት ገጹን ልትገልጥ ስትል ልጁ ገና አልጨረሰም፣ ልጁን ስትጠብቅም አብሮ የሚያየው ታናሽ ወንድሙ ሥዕሉ ሰልችቶት ይነሣል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በአማርኛ ሊሠራ የሚነሣ ሰው እንግዲህ ሥዕሉን ከመምረጡ በፊት የየገጹን ቃል ወደ ነጥብ መልሶ ቢቈጥር፣ በየገጹም ከአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር የማያልፍ ተረት ቢመርጥ ይሻለዋል።