ዝባድ ለጥርኝ ነው

ቴፒ ውስጥ ከወጣት ወደ ወጣት የሚዞር አንድ ምክር አለ፦ ልጅቷን ልታገኛት ስትሄድ ገላህን አትታጠብ፤ ላብህ ውስጥ ያለው «ፌሮሞን» ይስብልሃል። ምክሩን የማይቀበል ደግሞ ዝባድ አለበት የተባለ ብልቃጥ ይገዛል። ባዮሎጂ አስተምራለሁና አንድ ተማሪዬ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነት አይደለም፤ ልጆች በዚህ ገንዘባቸውን ማባከናቸው ያናድደኛል።

ፌሮሞን የሚለው ቃል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንት ከግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሐር እሳት ራቶች ቦምቢኮል የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። ሴቷ ትረጨዋለች፣ ወንዱ ክንፉን እያርገበገበ ይመጣል። ሰው ላይ እንዲህ የሚሠራ አንድም ንጥረ ነገር እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ቃሉን «የፍቅር ሽታ» ብለው የሚተረጉሙት ነገሩን አባብሰውታል። አማርኛችን ሽታን፣ መዓዛንና ጠረንን ለይቶ ያውቃል፤ እዚህ የምናወራው ስለ ጠረን ነው።

ዝባድም ቢሆን ጥርኝ ዛፍና ድንጋይ ላይ የምትቀባው መልእክት ነው፤ አንባቢዋም ሌላ ጥርኝ ነው። ኢትዮጵያ በቀንድ አሽጋ ወደ ውጭ ስትልከው የኖረችውም ሽቶ ቀማሚዎች በጣም አቅጥነው የሌላውን መዓዛ ለማቆየት ስለሚጠቀሙበት ነው።

ጠረናችን ግን ከየት ይመጣል? ሰውነት የሚያቀዘቅዘውን ውሃማ ላብ እንተወው። ብብት ውስጥ አፖክሪን የሚባሉ እጢዎች አሉ፤ በጉርምስና ሥራ ይጀምራሉ። የሚያመነጩት ፈሳሽ ትኩስ ሳለ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ጥሬ ቡና አፍንጫችሁ ሥር ብትይዙት ያን ያህል አይሸትም፤ ምጣድ ላይ ሲወጣ ነው ጎረቤት የሚጠራው። የብብት ምጣዱ ባክቴሪያ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ድኝ ያዘለ ሞለኪውል ከሁለት አሚኖ አሲዶች ጋር ታስሮ ይወጣል፤ እንደታሰረ ስለማይተን አፍንጫ አያገኘውም። ስታፊሎኮከስ ሆሚኒስ የተባለው ባክቴሪያ እስሩን ወደ ውስጡ ያስገባል፣ አሚኖ አሲዶቹን ቆርጦ ያስቀራል፣ ድኙን የያዘውን ወደ ውጭ ይጥላል። ጥርኝ እሸት ቡና በልታ ሥጋውን ታስቀርና ፍሬውን ጫካ ውስጥ ትጥለው የለ? እንደዚያ ነው። የተጣለው ይተናል፣ እኛም «ላብ ሸተተ» እንላለን። ሌሎች ባክቴሪያዎች ሌሎች አሲዶችን ይጨምሩበታል፤ የየሰው ቅይጥ ስለሚለያይ የሁለት ሰው ጠረን አንድ አይሆንም። ሳይታጠቡ መዋል እንግዲህ ራስን መግለጥ ሳይሆን ለባክቴሪያው ጊዜ መስጠት ነው።

በኮሪያና በአካባቢዋ ከሚኖሩት እጅግ የሚበዙት ኤቢሲሲ 11 በተባለው ጂን ላይ ባለ ለውጥ የተነሳ የብብት ጠረናቸው ደካማ ነው፤ የጆሯቸው ኩክም ደረቅ ነው። ማፍቀርና መጋባት ግን አልቀረባቸውም።

አሁን የምጠነቀቅበት ቦታ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ስዊዘርላንድ ውስጥ ክላውስ ቬደኪንድ 44 ወንዶች ሁለት ሌሊት የለበሱትን ካናቴራ ሴቶች እንዲያሸቱት አደረገ። ሴቶቹ በሽታ የመከላከል ጂኖቻቸው ከራሳቸው የሚለዩትን ወንዶች ጠረን ይበልጥ ወደዱ፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሚወስዱት ደግሞ ተቃራኒውን። ይህን ሙከራ ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች አንዳንዶቹ ደገፉት፣ አንዳንዶቹ አልደገፉትም። ደግሞም ከሳጥን ውስጥ ካናቴራ መምረጥ ባል መምረጥ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። የሽታ መልእክት ከዓይንና ከጆሮ መልእክት በተለየ፣ መጀመሪያ ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ሳያልፍ ስሜትና ትዝታ ወደሚያዙበት የአንጎል ክፍል ይደርሳል። ስለዚህ የወደድነው ሰው ጠረን ከሰውየው ጋር አብሮ ይለመዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ካናዳ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ የወንድ ጓደኛቸውን ካናቴራ ያሸተቱ ሴቶች ጭንቀት ቀለል አላቸው፤ የማያውቁትን ሰው ያሸተቱት ግን የጭንቀት ሆርሞናቸው ከፍ አለ። ለመጀመሪያ ቀጠሮ የሚሄድ ልጅ ገና የማይታወቅ ሰው ነው።

ለተማሪዬ የነገርኩት ይህንን ነው፦ ቴፒ ሞቃትና እርጥብ ናት፣ ብብትህን በሳሙና ታጠብ። ያን የምትወደውን የፖሊስተር ማሊያ ደግሞ ለኳስ ሜዳ አስቀረው፤ ሽታ ለሚፈጥሩ ባክቴሪያዎች ከጥጥ ይልቅ ፖሊስተር ይመቻቸዋል። ጥጥ ሸሚዝ እንዳለው ጠየቅኩት። የወንድሙ አለ አለኝ።