አካል ጉዳተኝነት በፋብሪካው በር

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠርዝ የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ከጅቡቲ የተዘረጋው የቀድሞው የባቡር ሐዲድ ወደ ዋና ከተማዋ ሲገባ ያቋረጠው፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረት፣ በመለዋወጫ፣ በምግብና በግንባታ ዕቃ ማምረቻዎቹ የታወቀ የሠራተኛ መንደር ነው። የብዙ ነዋሪዎቹ እንጀራ ከፋብሪካ ሥራ የሚገኝ በመሆኑ፣ አካል ጉዳተኞች የሚደርስባቸው መድልዎ ምን እንደሚመስል ለመረዳት የፋብሪካን በር ያህል ግልጽ ቦታ የለም። መድልዎ ሲባል አንድን ሰው በአደባባይ ማዋረድ ወይም በስድብ ማባረር ብቻ ማለት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ያጸደቀውና ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የሕጓ አካል ያደረገችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአካል ጉዳት ምክንያት የሚደረግና ሰው ከሌሎች እኩል በመብቱ እንዳይጠቀም የሚያግድ ማንኛውንም ልዩነት፣ ማግለል ወይም ገደብ መድልዎ ይለዋል።

ይህ ዓይነቱ ገደብ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ክፋት በሌለበት መልክ ነው። በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ግርጌ «ሙሉ ጤነኛ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ሲሰፍር የጻፈው ሰው ማንንም አግልያለሁ ብሎ ላያስብ ይችላል፤ ነገር ግን በክራንች የሚሄድ የሒሳብ ባለሙያ ወይም መስማት የተሳናት ልብስ ሰፊ ማስታወቂያውን አንብበው የሚመለሱት ፈተና ላይ ሳይቀመጡ ነው። ሥራው የማይፈልገውን የአካል ብቃት መስፈርት አድርጎ ማስቀመጥ፣ ለሁሉም እኩል የቀረበ ቢመስልም አንዱን ወገን ለይቶ የሚያስቀር ስለሆነ፣ የሕግ ሰዎች ቀጥተኛ ያልሆነ መድልዎ ይሉታል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 101 ለአካል ጉዳተኞች የሥራ ቦታ ለይቶ በማስቀመጥ ችግሩን ሊያቃልል ሞክሮ ነበር። በቦታው የተተካው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ግን በመግቢያው እንደሚያስረዳው፣ ያ አካሄድ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው ሥራ ሊይዙ አይችሉም የሚል አመለካከት ፈጥሯል። ስለዚህ አዲሱ አዋጅ ከሥራው ጠባይ ጋር ካልተጋጨ በቀር፣ ተፈላጊውን ችሎታ ይዞ በውድድሩ የበለጠ ውጤት ያገኘ አካል ጉዳተኛ ያለ መድልዎ እንዲቀጠር ደነገገ፤ አሠሪውንም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ አስገደደ። ተመጣጣኝ ማመቻቸት ማለት፣ አሠሪው ከአቅሙ በላይ ሳይከብደው ሠራተኛው ሥራውን እንዲያከናውን የሚያስችል የቦታ፣ የመሣሪያ ወይም የአሠራር ለውጥ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለን ቢሮ ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ ለዓይነ ስውር ሠራተኛ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ መጫን፣ ወይም በደወል የሚሰጥን ማስጠንቀቂያ መስማት ለተሳነው ሰው በመብራት ማሳየት፣ ፋብሪካን ለኪሳራ የሚዳርግ ወጪ አይጠይቅም። ያም ሆኖ «የሥራው ጠባይ አይፈቅድም» የሚለው ሐረግ በሕግ የተፈቀደ ልዩ ሁኔታ መሆኑ ቀርቶ የተለመደ መልስ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል፤ የሥራው ጠባይ ሊታወቅ የሚችለው እያንዳንዱ ተግባር አንድ በአንድ ሲመረመር እንጂ አመልካቹን በዓይን በመመዘን አይደለምና።

በፋብሪካ መንደር ከዚህ የከፋ ሌላ ጉዳይ አለ። ፋብሪካ አካል ጉዳተኛን መመለስ ብቻ ሳይሆን ጤነኛ ሆኖ የገባውንም ሰው አካል ጉዳተኛ ሊያደርግ ይችላል። የብረት መቁረጫ ጣት ይወስዳል፤ ለዓመታት ያለ ጆሮ መከላከያ የተሰማ የሽመና ማሽን ጩኸት ቀስ በቀስ መስማትን ያደክማል፤ ከፍታ ላይ ያለ መታጠቂያ የሚሠራ ሰው ወድቆ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል፤ አሠሪው ራሱ ካሣ በሚከፍልበት ጊዜም፣ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ የሚከፈለው የአንድ ዓመት ደመወዙ በአምስት ተባዝቶ ሲሆን፣ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ እንደ መጠኑ ይሰላል። ይሁን እንጂ ያው አዋጅ ሠራተኛው በከፊል ወይም በሙሉ ዘላቂ ጉዳት ምክንያት መሥራት አለመቻሉን፣ የሥራ ውል በሕግ ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ ይህ አዋጅና አዋጅ ቁጥር 568/2000 ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ሦስት ጣቶቹን ያጣ የማሽን ሠራተኛ የቀድሞ ማሽኑን ማንቀሳቀስ ቢያቅተውም የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ መያዝ፣ የምርት ጥራት መቆጣጠር ወይም አዲስ ሠራተኛ ማሠልጠን የሚችል ከሆነ፣ «መሥራት አልቻለም» ሊባል የሚገባው ማመቻቸቱ ተሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር ብቻ ነው። ካሣ ተቆጥሮ የተሰናበተ ሰው ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ፋብሪካ ሲሄድ፣ የሚጠብቀው ያው «ሙሉ ጤነኛ» የሚል ማስታወቂያ መሆኑ ከባድ ግፍ ነው።

በሩ ላይ መድረስም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር ቃሊቲ ድረስ ቢዘልቅም፣ ሐዲዱ ዋናውን መንገድ ለሁለት ከፍሎ የታጠረ ስለሆነ እግረኛ የሚሻገረው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ደግሞ ከባድ መኪኖች በሚርመሰመሱበት ጎዳና ዳር የአንድ ማቋረጫ ርቀት የግማሽ ቀን ድካም ሊሆን ይችላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚያመች መግቢያና መፀዳጃ እንዲኖረው አዝዟል። በጋራ መኖሪያ ቤቶች በኩል ከተማ አስተዳደሩ ለአካል ጉዳተኞች ምድር ቤትን መመደቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ዕጣ ደርሶት የገባ ሠራተኛ በኋላ እግሩን ቢያጣ፣ ሥራውንና ቤቱን በአንድ ቀን ሊነጠቅ ይችላል።

ሕጉ እያለ ለምን ጥቂት ሰው ብቻ ተጠቀመበት? አንዱ ምክንያት አካል ጉዳተኛው በቁጥር እንኳ ሳይታይ መኖሩ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶ ያህሉ ከአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ሲገምት፣ የኢትዮጵያ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ያገኘው ከ2 በመቶ በታች ነበር፤ «በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ልጁን ከጎረቤት ዓይን የሚሸሽግ ቤተሰብ «የለም» ማለቱ አይቀርም። ሁለተኛው ምክንያት የፖለቲካ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በወጣ በዓመቱ የታወጀው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች የአካል ጉዳተኞችን መብት ጨምሮ በመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪተካ ድረስ ለአሥር ዓመት፣ ሕጉን ለሕዝብ ሊያስተምሩና ተበዳይን ደግፈው ሊሟገቱ ይችሉ የነበሩ ብዙ ድርጅቶች ሥራቸውን በእርዳታና በአገልግሎት ለመወሰን ተገደዱ። የጠፋው ያ አሥር ዓመት ገና አልተካካሰም።

ከአዋጅ ቁጥር 568/2000 ድንጋጌዎች መካከል በአቃቂ ቃሊቲ ሠራተኛ ዘንድ ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው የማስረዳት ሸክምን የሚመለከተው ነው። የማስረዳት ሸክም ማለት በክርክር ጊዜ ማስረጃ አቅርቦ ነገሩን የማረጋገጥ ግዴታ ሲሆን፣ በተለመደው ሥርዓት የሚወድቀው በከሳሹ ላይ ነው፤ ይህ አዋጅ ግን በቅጥር፣ በዕድገት ወይም በሥልጠና መድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚልን አካል ጉዳተኛ ከዚያ ሸክም ነፃ አድርጎ፣ መድልዎ አለመፈጸሙን እንዲያስረዳ አሠሪውን ያስገድዳል። የቅጥር መዝገቡ፣ የፈተናው ውጤትና የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያሉት በአሠሪው እጅ በመሆኑ ይህ ትክክለኛ ድንጋጌ ነው። አመልካቹ ሊያደርገው የሚገባው የማስታወቂያውን ፎቶግራፍ፣ የተመዘገበበትን ቀንና ቁጥር፣ የተሰጠውንም መልስ ከተቻለ በጽሑፍ መያዝ ነው፤ በቃል ብቻ «አይሆንም» ተብሎ ከዘበኛው ጋር ተነጋግሮ የተመለሰ ሰው፣ ማመልከቱን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው፣ አሠሪውን መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድድበት መነሻ ያጣል።