ፌስሊፍት፦ ምን ያነሳል? ምን ይተዋል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አንኮበርም ደጋ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ስለሚያዘናጋ ጋቢ ደርቦ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ፊቱ መጎዳቱ አይታወቀውም። ጠቆር ያለ ቆዳ የተሻለ መከላከያ ቢኖረውም፣ ጨረሩ ለዓመታት ሲደጋገም ቆዳን አጥብቆ የያዘው ኮላጅን ይሳሳል። ዕድሜ ሲታከልበት ጉንጭ ይወርዳል፤ የአንገት ቆዳም ይላላል።

ይህን የላላ ፊት የሚያነሳው ቀዶ ሕክምና ፌስሊፍት ይባላል። ጀማሪው በ1901 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኦይገን ሆለንደር እንደሆነ ይነገራል። የጥንቱ ዘዴ ቆዳውን ብቻ ቆርጦ መስፋት ነበር፤ ፍራሹ ሰርጉዶ ሳለ አልጋ ልብሱን እንደመወጠር ነውና ብዙ ሳይቆይ ይላላል። በ1976 እ.ኤ.አ. ሚትዝና ፔይሮኒ የተባሉ ሐኪሞች ከቆዳ ሥር ከፊት ጡንቻዎች ጋር የተያያዘውን፣ ስማስ የሚባለውን ሽፋን ለይተው ከገለጹ በኋላ አሠራሩ ተለወጠ።

ዛሬ የሐኪሙ ምላጭ ከጆሮ በላይ ካለው ፀጉር ጀምሮ በጆሮው ፊት ይወርድና ሥሩን ዞሮ ከጀርባው ወደ ፀጉር ይገባል። ሐኪሙ በዚህ መስመር ቆዳውን ከፍቶ ያላቅቃል፤ ስማሱን ወደ ላይ ስቦ ይሰፋል፤ የተረፈውን ቆዳ ቆርጦ ቀሪውን ሳይወጥር ይገጥመዋል። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በዚያው አካባቢ ስለሚያልፍ እጁ የሠለጠነ መሆን አለበት፤ ነርቩ ከተጎዳ ፈገግታ ይጣመማል።

በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ከቆዳ ሥር ደም መቋጠር ነው፤ ደም ግፊት ያለበት ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቁስሉ በቀላሉ አይድንለትም። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ጠባሳው አብጦ ኬሎይድ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀድሞ ኬሎይድ የወጣበት ሰው ለሐኪሙ መንገር አለበት። እብጠቱና ብልዘቱ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል።

ፌስሊፍት የወረደውን ያነሳል እንጂ ፀሐይ ያበላሸውን ቆዳ አያድስም፤ ማድያትና ቀጫጭን መስመሮች ባሉበት ይቀራሉ። እርጅናም አይቆምም።

በአገራችን የፕላስቲክ ሰርጀሪ ትልቁ አገልግሎት በቃጠሎና በአደጋ ለተጎዱ ሰዎች ነው፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታልም በዚህ ይታወቃል። ፊቱን ለማስነሳት የሚያስብ ሰው የውበት ሳሎን ሳይሆን በዚሁ ሙያ የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ሐኪም ይፈልግ። ደገኛ ሁሉ ግን ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችል ነገር አለ፦ ብርድም ቢሆን በቀትር ባርኔጣ ወይም ጥላ አይለየው።