በፊልም ሠራተኛ፣ በቤቷ እመቤት፦ የሃቲ ማክዳንኤል ታሪክ

ማታ ሥራ ጨርሳችሁ ድራማ ስትከታተሉ የቤት ሠራተኛዋን ልብ ብላችሁ አይታችኋት ታውቃላችሁ? ሻይ ታቀርባለች፣ በር ትከፍታለች፣ በተሰባበረ ዓረብኛዋ ታስቃለች፤ ከዚያ ወደ ኩሽና ትመለሳለች። ልጅ ይኑራት፣ እናት ትኑራት፣ ማንም አይነግረንም። ይህች ገጸ ባሕርይ እዚህ ብቻ የተፈጠረች አይደለችም። አሜሪካኖች ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በመድረክና በፊልም ሲያሳዩአት ኖረዋል፤ «ማሚ» ይሏታል። እኛ እናታችንን የምናቆላምጥበት ቃል ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን የነጭ ልጆችን ለምታሳድግ ጥቁር ሠራተኛ የተሰጠ መጠሪያ ነበር። ዛሬ የምናወራው ማሚን ሆና ስለተጫወተችው ስለ ሃቲ ማክዳንኤል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሃቲ የተወለደችው በካንሳስ ግዛት፣ በዊቺታ ከተማ ነው። እናትና አባቷ በባርነት ያለፉ ሰዎች ነበሩ። ከአሥራ ሦስት ልጆች የመጨረሻዋ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ትዘፍንና ታስቅ ነበር፤ መድረኩ እንጀራ አልሆን ሲላት ግን የሰው ቤት ትሠራለች። በ1929 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲወድቅ በሚልዋኪ ከተማ አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ የሴቶች መጸዳጃ ቤት አስተናጋጅ ሆነች። በ1931 ሎስ አንጀለስ ገባች። እዚያም በሬዲዮ እየተጫወተች፣ ክፍያው ስለማይበቃት የቤት ሠራተኝነቱን አልተወችም።

ሆሊውድ ለጥቁር ሴት የከፈተው በር ጠባብ ነበር። ቀደም ሲል ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው በጥቁሮች ላይ የሚሳለቁበት ትርኢት በመላው አሜሪካ የተወደደ ነበር። በ1915 በወጣው «የአንድ ሕዝብ ልደት» ፊልም ላይ እንኳ ታማኟን ጥቁር ሠራተኛ የተጫወተችው ፊቷን ያጠቆረች ነጭ ተዋናይት ናት። ጥቁሮች ራሳቸው መጫወት ሲጀምሩም በብዛት የሚሰጣቸው የአገልጋይ ቦታ ነበር።

ሃቲን ዓለም ያወቃት በ1939 በወጣ ፊልም ነው። መጽሐፉን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል፦ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነው። ፊልሙ በአትላንታ ከተማ ሲመረቅ ሃቲ አልተገኘችም፤ የጆርጂያ ግዛት ሕግ ጥቁርና ነጭን ስለሚለያይ ከጓደኞቿ ጋር መቀመጥ አትችልም ነበር። የካቲት 29 ቀን 1940 ኦስካር ስትሸለም ደግሞ ዝግጅቱ የተካሄደበት ሆቴል ጥቁር እንግዳ አያስገባም ነበር። የፊልሙ አዘጋጅ ለምኖ አስገባት፤ የተቀመጠችው ግን ከሌሎቹ ተዋንያን ተነጥላ፣ ግድግዳ ጥግ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ነው። ከዚያ ተነሥታ በኦስካር ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ተሸላሚ ሆነች። ሁለተኛዋ ጥቁር ሴት ዉፒ ጎልድበርግ እስክትሸለም 51 ዓመት አለፈ።

ሃቲን የነቀፏት ግን ነጮች ብቻ አልነበሩም። የጥቁሮች መብት ተሟጋቾች «የማሚን ቦታ በመጫወትሽ ወገኖችሽን ታሳንሻለሽ» አሏት። እሷም በሳምንት በ7 ዶላር ሠራተኛ ከመሆን በ700 ዶላር ሠራተኛን መጫወት ይሻለኛል ብላ መለሰች ይባላል። እኔ ሁለቱንም አልፈርድባቸውም። ተሟጋቾቹ ያ ምስል የሚያደርሰውን ጉዳት አይተዋል፤ ሃቲ ደግሞ የ7 ዶላሩን ኑሮ በእጇ ታውቀዋለች።

ፊልሙ ያላሳየው ሌላም ነገር አለ። ሃቲ በሎስ አንጀለስ ሹገር ሂል በሚባለው ሰፈር ትልቅ ቤት ገዛች። አንዳንድ ነጭ ጎረቤቶች «በውሉ መሠረት ይህ ቤት ለጥቁር አይሸጥም» ብለው ከሰሱ። ሃቲ አልለቀቀችም፤ ከጥቁር ጎረቤቶቿ ጋር ሆና ተከራከረች፣ በ1945ም ዳኛው ለእነሱ ፈረደ። በ1948 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በሌሎች ሰዎች ክስ ላይ፣ እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ሲል ወሰነ። በፊልም የራሷ ቤት የሌላት ሠራተኛ፣ በእውነተኛው ኑሮ ለቤቷ ተሟግታ ያሸነፈች እመቤት ነበረች።

በ1952 ስታርፍ የተመኘችው የሆሊውድ መቃብር ቦታ በቀለሟ ምክንያት አልተቀበላትም። መታሰቢያ የቆመላት በ1999 ነው። ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተናዘዘችው ሽልማትም ጠፍቶ፣ ምትኩ በ2023 ተሰጠ።

እኔ ሥራዬ ትርጉም ነው፤ በዓረብኛም ቃሉ ለውጥ አለው። «ኻዲማ» ሲሉ አገልጋይ ማለታቸው ነው፤ «ዓሚላ መንዚሊያ» ሲሉ ግን የቤት ውስጥ ሠራተኛ ማለት ነው። ኩዌት በ2015 ያወጣችው ሕግ ቁጥር 68 የሚናገረው ስለ ሁለተኛዋ ነው፤ ደመወዝ፣ ዕረፍትና የሥራ ሰዓት ስላላት ሠራተኛ። ውላችሁን ስታነቡ የትኛው ቃል እንደተጻፈ እዩ። ድራማውንም ስታዩ ሻይ የምታቀርበዋን ልጅ ስሟ ማን እንደሆነ፣ ቤቷም የት እንደሆነ ጠይቁ። ደራሲው ካልነገራችሁ፣ ሳያውቀው ነው የጻፋት።