ለጠጋኝ የተተወ በር

በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና ስክሪን አለው፤ ከሌላው ኮምፒውተር የሚለየው አምራቹ ያልፈቀደውን ፕሮግራም እንዳያስነሳ ተቆልፎ መሸጡ ነው። ይህን ቁልፍ መፍታት ለብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሙያ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። ሃከሮቹን ግድግዳ አፍራሾች አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። እኔ ግን ታሪኩ ሌላ ነገር የሚያሳይ ይመስለኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የገቡት አምራቹ ለራሱ፣ ለጠጋኙ ወይም ለተጫዋቹ ብሎ በተወው በር ነው።

የኒንቴንዶ ጌም ቦይ በ1989 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ ጥበቃው ቀላል ነበር። ሲበራ የኩባንያው ስም ከላይ ቀስ ብሎ ወርዶ መሃል ላይ ይቆማል። በዚያች ቅጽበት 256 ባይት ብቻ የሆነች ፕሮግራም ካሴቱ ላይ ያሉትን 48 ባይቶች ከራሷ ቅጂ ጋር ታስተያያለች፤ ካልገጠሙ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ባይቶቹ የዚያው ስም ሥዕል ናቸው። ያለ ፈቃድ ካሴት የሚሠራ ሰው የንግድ ምልክቱን መቅዳት ስለሚኖርበት ሊከሰስ ይችላል፤ ቁልፉ የቆመው ለሕግ ክርክር እንዲመች ሆኖ ነው። በቤቱ ለራሱ ለሚሞክር ሰው ግን 48 ባይት መገልበጥ ምኑም አይደለም። ከዚህ የተወለደው ደግሞ ጌም ብቻ አልነበረም። ስዊድናዊው ዮሃን ኮትሊንስኪ የጻፈው ሊትል ሳውንድ ዲጄ የማሽኑን አራት የድምፅ መስመሮች የሙዚቃ መሣሪያ አደረጋቸው፤ ሙዚቀኞች ጌም ቦይን ይዘው መድረክ ላይ ወጡ።

ሶኒ ከ2004 ጀምሮ የሸጠው ፒኤስፒ ከዚህ እጅግ የጠበቀ ነበር፤ ፕሮግራሙ የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ ከሌለው እንዳይነሳ ታስቦ ነበር። ኩባንያው ሶፍትዌሩን ባደሰ ቁጥር ሃከሮች ሌላ መግቢያ ይፈልጉ ነበር፤ በ2006 አንዱ መግቢያ የታዋቂ ጌም ሴቭ ፋይል (ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚያስቀምጥ ፋይል) ሆነ። ከሁሉ የሚገርመው ግን በ2007 የወጣው «የፓንዶራ ባትሪ» ነው። የፒኤስፒ ባትሪ ውስጥ መለያ ቁጥር የያዘች ትንሽ ቺፕ አለች። ቁጥሩ የተለየ ከሆነ ማሽኑ «ጠጋኝ እጅ ገብቻለሁ» ብሎ የራሱን ሶፍትዌር ትቶ ከሜሞሪ ካርዱ ይነሳል። የተበላሸ ማሽን እንዲታደስበት የተሠራ መንገድ ነው፤ እኛ አገር የሞባይል ጠጋኞች «ፍላሽ ማድረግ» የሚሉት ዓይነት ሥራ። ቁጥሩን መቀየር በሩን ለሁሉም ከፈተው። ብዙ ሰው ሞተ ብሎ መሳቢያ የከተተውን ፒኤስፒ ያስነሳው በዚሁ ባትሪ ነው።

ይህ ሁሉ የፕሮግራመሮች ስህተት እንጂ በር አይደለም የሚል ይኖራል። ስህተትማ አለ። ግን ስህተት የትም መስመር ላይ ሊኖር ይችላል፤ ከውጭ የሚደረስበት ማሽኑ ከሰው አንድ ነገር በሚቀበልበት ቦታ ነው። በ2014 የኒንቴንዶ 3ዲኤስ የተከፈተው ኩቢክ ኒንጃ በሚባል ብዙም ባልታወቀ ጌም ነበር፤ ጌሙ ተጫዋቾች የሠሩትን ደረጃ በኪውአር ኮድ እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል። ወሬው እንደተሰማ የጌሙ ዋጋ ተተኮሰ። በ2018 ኬት ቴምኪን ይፋ ያደረገችው የኒንቴንዶ ስዊች ቀዳዳ ደግሞ ያለው ፋብሪካና ጠጋኝ በዩኤስቢ በሚጠቀሙበት የማገገሚያ ሁነታ ውስጥ ነው። ወደዚያ የሚገባው በማሽኑ ጎን ባለው ሐዲድ ሁለት የብረት ነጥቦችን በማገናኘት ነው። ኮዱ ቺፑ ላይ የታተመ በመሆኑ የተሸጠውን ማሽን በእድሳት ማረም አልተቻለም።

ከባዱ ተቃውሞ ስርቆት ነው፤ እውነትም አለው። አር4 የተባለው የኒንቴንዶ ዲኤስ ካርድ በብዛት የተሸጠው ጌም በነፃ ለመጫወት ነበር፤ ይህ የጌም ሠሪዎችን እንጀራ የሚነካ ነገር ነው። ሆኖም በሩን መዝጋት ማንን አስቀረ? ከ2018 አጋማሽ ጀምሮ በተመረቱት ስዊቾች ላይ ያ ቀዳዳ ተደፈነ። በ2020 ቲም ኤክሲኩተር የተባለው ቡድን ለአፍታ ኤሌክትሪክ በማዛባት ቺፑን የሚያሳስት ሞድቺፕ ለገበያ አቀረበ። ይህ እንኳ በር አይደለም፤ ግድግዳ ማፍረስ ነው፤ የእኔ ክርክርም እዚህ ላይ አይሠራም። ቺፑ የሚገባው ከሩዝ ፍሬ ባነሱ ነጥቦች ላይ በመበየድ ስለሆነ ሁለት ነጥብ በሽቦ አገናኝቶ ይሞክር የነበረው ተማሪ ከውጭ ቀረ፤ ነጋዴው ግን ገባ። ከቡድኑ አባላት አንዱ በ2022 በአሜሪካ ፍርድ ቤት 40 ወር እስር ተፈረደበት። በሩ ግን ለስርቆት ብቻ አልዋለም። በማግስቱ ዓመት፣ በመጋቢት 2023፣ ኒንቴንዶ የ3ዲኤስን የኢንተርኔት መደብር ዘጋ፤ እዚያ ብቻ ይሸጡ ከነበሩት ጌሞች መካከል እንዲህ ባለ በር የገቡ ሰዎች ገልብጠው ያስቀመጧቸው አሉ።