የጤፍ ፓተንት ጉዳይ፦ በምርምር፣ በንግድና በሕግ መካከል የቀረ የፍትሕ ጥያቄ

በምርምር ሥነ ምግባር ትምህርት ዘወትር በምሳሌነት የሚቀርቡት በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎችም ትኩረታቸው በአመዛኙ የጥናቱ ተሳታፊ መፍቀዱን ማረጋገጥ ነው። በዕፅዋት ላይ የሚደረግ ምርምር ግን የሚጎዳ ሰው የሌለበት መስሎ ስለሚታይ ከዚህ ጥያቄ ነጻ እንደሆነ ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን በጉልህ ከሚያሳዩት ጉዳዮች አንዱ በኢትዮጵያና በአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ መካከል የተደረገው የጤፍ ስምምነትና የተከተለው የፓተንት ክርክር ነው።

ስምምነቱ

እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የብዝሃ ሕይወት ስምምነት ሁለት መሠረታዊ መርሆዎችን አስቀምጧል። አንደኛው አገሮች በጄኔቲክ ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሀብቱ የሚገኘው ጥቅም ፍትሐዊ በሆነ መንገድ መከፋፈል እንዳለበት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 የብዝሃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ድርጅት ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለው ኩባንያ ጋር የተፈራረሙት ውል እነዚህን መርሆዎች በተግባር ያውላል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ነበር። ጤፍ ግሉተን የሌለው እህል በመሆኑ በአውሮፓ ገበያ ተፈላጊ ይሆናል የሚል ግምትም ነበር።

በውሉ መሠረት ኩባንያው የጤፍ ዝርያዎችን ለመጠቀም ሲፈቀድለት፣ በምላሹ ከተጣራ ትርፉ 5 በመቶውን፣ በማናቸውም ሁኔታ በዓመት ከ20,000 ዩሮ ያላነሰ ገንዘብ፣ ለጤፍ ልማት ለሚቋቋም ፈንድ ለመስጠት ተስማምቷል። እንጀራን የመሳሰሉ ባህላዊ ምግቦች ከፈቃዱ ውጭ እንዲሆኑ ተደርጓል። በጄኔቲክ ሀብቱ ላይም ኩባንያው የባለቤትነት ጥያቄ እንዳያነሣ ውሉ ይከለክላል። በወረቀት ላይ ሲታይ የአቅራቢውን አገር መብት በሚገባ የሚያስጠብቅ ሰነድ ነበር።

ፓተንቱ

ይሁንና ውሉ ከመፈረሙ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በኔዘርላንድስ የፓተንት ማመልከቻ ቀርቦ ነበር። የአውሮፓ ፓተንት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ፓተንቱ የጠየቀው ዘሩን ሳይሆን ዱቄቱንና ከዱቄቱ የሚሠሩ ምርቶችን ነው። የተመሠረተውም በዳቦ ጋገራ ሙያ የታወቀ አንድ ልኬት ላይ ነበር። በውኃ የተበጠበጠ ዱቄት እየሞቀ ሳለ አንድ ዘንግ በውስጡ ለመስመጥ የሚወስደው ጊዜ በሰከንድ ይለካል። ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነ በእህሉ ውስጥ ስታርችን የሚሰባብረው ኢንዛይም ገና ንቁ ነው ማለት ሲሆን፣ ከእንዲህ ያለ ዱቄት ጥሩ ዳቦ አይገኝም። ፓተንቱ ልኬቱ ቢያንስ 250 የደረሰ የጤፍ ዱቄት እንዲጠበቅለት ጠየቀ። ለዚህ የሚያስፈልገው እህሉን ከአጨዳ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት አቆይቶ መፍጨት ነው።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጤፍን አጭዶ፣ ከምሮ፣ ወቅቶና በጎተራ አስቀምጦ እንደ አስፈላጊነቱ ማስፈጨት የኢትዮጵያ ገበሬ የኖረበት አሠራር ነው። አንድ አሠራር በላቦራቶሪ ቁጥር ስለተገለጸ ብቻ አዲስ ፈጠራ ይሆናልን? በዘሩ ላይ የባለቤትነት ጥያቄ እንዳይነሣ የከለከለው ውል በዱቄቱ በኩል በሩን ክፍት ትቶት ነበር።

ኪሳራው

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 መክሰሩ ታወጀ። እስከዚያ ድረስ ለኢትዮጵያ የተከፈለው ገንዘብ ወደ 4,000 ዩሮ የሚጠጋ ብቻ ነበር። ኩባንያው ሲፈርስ የውሉ ግዴታዎችም የሚፈጽማቸው አካል አጡ። ፓተንቱ ግን እንደማናቸውም ንብረት የሚተላለፍ በመሆኑ በሌላ ኩባንያ እጅ ሕልውናውን ቀጠለ። አዲሱ ባለመብት ለኢትዮጵያ የገባው ውል አልነበረም። እንግዲህ መብቱና ግዴታው በአንድ ላይ ተወልደው በኪሳራው ምክንያት ተለያዩ፤ መብቱ ኖረ፣ ግዴታው ሞተ።

ፍርዱ

ኢትዮጵያ ፓተንቱን በፍርድ ቤት መቃወም ትችል ነበር። ሆኖም እንዲህ ያለ ክርክር በየአገሩ የሚካሄድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነው። ፓተንቱ በኔዘርላንድስ የወደቀው በሁለት የንግድ ድርጅቶች ጠብ ምክንያት ነው። ባለመብቱ አንድን የዳቦ ግብዓት አምራች መብቴን ጥሰሃል ብሎ ሲከስ፣ ተከሳሹ ፓተንቱ ራሱ ዋጋ የለውም ሲል ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 በሰጠው ውሳኔ ፓተንቱ ፈጠራዊ ብቃት እንደሚጎድለው ገልጾ ሻረው።

ውሳኔው በኢትዮጵያውያን ዘንድ በደስታ ተቀባይነት አግኝቷል። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ምን እንደወሰነና ምን እንዳልወሰነ መለየት ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ ጤፍ የኢትዮጵያ ነው አላለም፤ ገበሬው ተበድሏል፣ ካሳ ይገባዋል አላለም። ያለው ለሙያው ሰው ግልጽ የሆነ ነገር ፈጠራ አይባልም ነው። ስለዚህ ውጤቱ ፍትሐዊ ቢሆንም ወደ ውጤቱ ያደረሰው መንገድ የፍትሕ ጥያቄውን አልነካውም። ተከሳሹ ገንዘብ ከፍሎ ከመጋገሩ ይልቅ መከራከርን ባይመርጥ ኖሮ ፓተንቱ ዕድሜውን ጨርሶ ሊያበቃ ይችል ነበር።

ከጉዳዩ የሚነሡ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው የፈቃድ ጥያቄ ነው። በውሉ ላይ የፈረሙት ሁለት የመንግሥት ተቋማትና አንድ ኩባንያ ናቸው። ዝርያዎቹን ለዘመናት እየመረጡ ያቆዩት ገበሬዎች የውሉ ተዋዋይ አልነበሩም። ከውሉ በኋላ የወጣው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት እና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይህን ክፍተት በከፊል ሞልቷል። አዋጁ ማኅበረሰቦች ዕውቀታቸው ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት አውቀው የመፍቀድ መብት እንዳላቸውና ከጥቅሙም ተካፋይ እንደሚሆኑ ደንግጓል።

ሁለተኛው የእምነት ጥያቄ ነው። ዘር የሚሰጥ ተመራማሪ ተቀባዩ ቀደም ሲል ያቀረበው የፓተንት ማመልከቻ መኖሩን የማጣራት ግዴታ አለበትን? ተቀባዩስ የመግለጽ ግዴታ አለበትን? የጤፍ ጉዳይ የሚያሳየው ውል የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ፣ ከውሉ ውጭ የቀረውን ማጣራት ካልተቻለ ጥበቃው ጎደሎ እንደሚሆን ነው።

ሦስተኛው ከቴክኖሎጂ የመጣ ነው። የጤፍ ጄኖም ረቂቅ ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ሆኗል። መረጃው ለኢትዮጵያ አዳቃዮችም ጠቃሚ ነው። ሆኖም ከእንግዲህ የጤፍን ባሕርይ ለማጥናት የግድ ዘር ከአገር ማውጣት አያስፈልግም፤ ድንበር የሚሻገረው ፋይል ነው። የብዝሃ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከዲጂታል የጄኔቲክ ቅደም ተከተል መረጃ የሚገኘውን ጥቅም ለማጋራት ዓለም አቀፍ ፈንድን የሚያካትት የጋራ ሥርዓት እንዲቋቋም ወስነዋል። የሥርዓቱ ፍትሐዊነት የሚለካው ገንዘቡ በሚሰበሰብበት መጠን ብቻ ሳይሆን ዝርያውን ጠብቆ ላቆየው ገበሬ በሚደርሰው ድርሻም ይሆናል።

ናሙና ለውጭ ላቦራቶሪ የሚልክ ወይም ቅደም ተከተል ወደ ሕዝባዊ የመረጃ ቋት የሚያስገባ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ራሱን የዚህ ታሪክ አካል አድርጎ ላያይ ይችላል። የናሙና ማስተላለፊያ ውልም ብዙውን ጊዜ ለፊርማ ብቻ የሚቀርብ ቅጽ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ናሙናው ለሦስተኛ ወገን ሊተላለፍ ይችል እንደሆነ፣ ከምርምሩ ውጤት ላይ ማን ፓተንት መጠየቅ እንደሚችል፣ ተቀባዩ ተቋም ሲፈርስ ወይም ሲሸጥ ግዴታው ወደ ማን እንደሚሸጋገር የሚወሰነው በዚያው ቅጽ ውስጥ ነው። በጤፍ ውል ሳይመለስ የቀረውም ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነበር።